የመነሻ መስመሩን የወሰኑት ሄልሜቶች፦ በጅማ የአንድ የኦፍሮድ ሞተር ውድድር የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ሞተር የሚነዱ ሰዎች በጋራ ያሰናዱት አንድ የኦፍሮድ (ከመደበኛ መንገድ ውጪ የሚደረግ) ውድድር፣ ተወዳዳሪዎቹ ይዘውት በመጡት ሄልሜት ምክንያት ከታቀደለት መልክ ወደ ሌላ መልክ እንዴት እንደተለወጠ የሚመረምር ነው። ጉዳዩን የማውቀው የቴክኒክ ፍተሻ ኮሚቴው አባል ሆኜ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ውድድሩ ማግስት ስለተከታተልኩት ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩት፤ ዕድሜያቸውን በሞተር ጥገና ያሳለፉ አንድ መካኒክ፣ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ እና እኔ። ጉዳዩ የአሠራር እንጂ የግለሰቦች ስላልሆነ የማንንም ስም አልጠቅስም።

ዳራው

ከጅማ ወደ ሰቃ፣ ወደ ዴዶ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ከሚወስዱት ዋና መንገዶች ግራና ቀኝ የሚገነጠሉት የቀበሌ መንገዶች አብዛኞቹ ቀይ አፈር ናቸው፤ ዝናብ ሲጥል ያንሸራትታሉ፣ ሲደርቁ ደግሞ ከፊት ያለውን ሰው በአቧራ ይሸፍኑታል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ሞተር የሥራ መሣሪያ ነው። የግብርና ባለሙያው በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞርበታል፤ ቡና ሰብሳቢውም ሆነ የጋራዥ ልጁ መንዳት የለመደው እዚሁ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው አቀበት የመውጣት፣ ድንጋይ የመዝለልና ጭቃ የማለፍ ችሎታ በብዛት አለ፤ ያልነበረው የውድድር ሥርዓት ነበር።

እቅዱ የቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በደረቁ ወራት፣ በሰቃ መንገድ አቅጣጫ ባለ አንድ ጠፍ ኮረብታ ላይ፣ ባለይዞታዎቹን አስፈቅዶ፣ ሃያ የሚሆኑ ሞተረኞች በአንድ ጊዜ ተነሥተው የሚፎካከሩበት የሞቶክሮስ ዓይነት ውድድር ማካሄድ ነበር። ተመልካቹን የሚስበውም ይኸው በአንድነት መነሣቱ ነው። አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ሁሉም ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ በአንድ ላይ ሲገባ አንዱ ቢወድቅ ከኋላው የሚመጣው ሰው በአቧራ ውስጥ ሆኖ አያየውም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ደንብ ስለ ሄልሜት የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ማንኛውም ተወዳዳሪ ሄልሜት ማድረግ አለበት»። የውጭ ውድድሮችን ደንብ ያነበበ አንድ አባል ይህ እንደማይበቃ አስረድቶ «የዲኦቲ፣ የኢሲኢ ወይም የስኔል ማረጋገጫ ያለው ሄልሜት» ተብሎ እንዲስተካከል ሐሳብ አቀረበ፤ ያለ ክርክርም ጸደቀ። በወቅቱ ትልቅ እርምጃ መስሎን ነበር። በፍተሻው ቀን ግን አዲሱ ዓረፍተ ነገር ማንንም የማያስቀር ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ከቀረቡት ሄልሜቶች በአብዛኞቹ ላይ ዲኦቲ የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩ ለብቻውም ይሸጣል።

ማረጋገጫዎቹ ምን ይላሉ

ከፍተሻው በፊት ኮሚቴው ሦስቱ ማረጋገጫዎች በእርግጥ ምን እንደሚጠይቁ ለተወዳዳሪዎቹ በዝርዝር ማስረዳት ነበረበት፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሦስቱንም የጥራት ምልክት መሆናቸውን እንጂ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ አያውቅም ነበር።

ዲኦቲ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ያለው ደንብ ቁጥር 218 እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። በዚህ ደንብ ሄልሜቱ የሰው ሰራሽ ራስ ቅል ተገብቶበት ከ1.83 ሜትር ከፍታ በጠፍጣፋ ብረት ላይ፣ ከ1.38 ሜትር ገደማ ደግሞ በግማሽ ሉል ብረት ላይ ይጣላል፤ ወደ ራስ ቅሉ የሚያልፈው ምትም ከመሬት ስበት 400 እጥፍ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሹል ብረት ከ3 ሜትር ከፍታ ሲወድቅበትም ቅርፊቱ ተበስቶ ጫፉ ራስ ቅሉን መንካት የለበትም። የአገጭ ቀበቶው ደግሞ መጀመሪያ በ22.7 ኪሎ ግራም፣ ቀጥሎ በ136 ኪሎ ግራም ክብደት ይጎተታል፤ በሁለተኛው ክብደት ለ120 ሰከንድ ሲቆይ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መለጠጥ አይፈቀድለትም። ይህ ሁሉ ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ምልክቱን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው። መንግሥት ሄልሜቱን አስቀድሞ አይፈትሽም፤ ከገበያ እየገዛ የሚያስፈትሸው በኋላ ነው፣ ያውም በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠውን። እኛ ዘንድ የሚደርሰውን ማንም አልፈተሸውም።

ኢሲኢ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ 22 ሲሆን አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሄልሜቱ ከመሸጡ በፊት በተፈቀደለት ላቦራቶሪ ተፈትኖ ይሁንታ ማግኘት አለበት። ምልክቱ ክብ ውስጥ ያለ ኢ እና ይሁንታውን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ነው፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን ማለት ነው። ከዚያ የሚከተለው ቁጥር በ05 ከጀመረ በአምስተኛው፣ በ06 ከጀመረ በስድስተኛው ማሻሻያ የተፈተነ ነው። አምስተኛው ማሻሻያ ሄልሜቱን በሰከንድ 7.5 ሜትር ፍጥነት ያጋጫል፤ ስድስተኛው ከዚያ ዝቅ ያለ የ6.0 እና ከፍ ያለ የ8.2 ሜትር ፍጥነት ግጭቶችን ጨምሯል፤ እንዲሁም በሰያፍ ብረት ላይ በማጋጨት ጭንቅላት በድንገት ሲጠመዘዝ አንጎል ላይ የሚደርሰውን ጫና ይለካል። ለኦፍሮድ ነጂ ይህ የመጨረሻው ፈተና ትልቅ ትርጉም አለው፤ ኮረብታ ላይ የሚወድቅ ሰው በጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እየተንከባለለ ነው መሬት የሚነካው። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈው ፊደል ነው፤ ፒ ከሆነ የአገጭ ክፍሉ ጭምር ለመከላከያነት ተፈትኗል፣ ጄ ከሆነ አገጭን የማይሸፍን ነው፣ ኤንፒ ከሆነ ደግሞ የአገጭ ክፍል ቢኖረውም አይከላከልም።

ስኔል የግል በጎ አድራጎት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በውድድር ላይ ሄልሜቱ ሊያድነው ባለመቻሉ ሕይወቱ ባለፈው የመኪና ተወዳዳሪ በፒት ስኔል ስም በ1957 ተመሠረተ። መመዘኛው በፈቃደኝነት የሚገባበት ሆኖ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይታደሳል፤ ኤም የሞተር፣ ኤስኤ የመኪና ውድድር፣ ኬ የካርት ነው። የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍአይኤም ደግሞ ከኢሲኢና ከስኔል በላይ የራሱን የሄልሜት ይሁንታ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በአስፋልት ግራንድ ፕሪ ግዴታ አድርጎታል፤ ከመንገድ ውጪ ያሉትን ዘርፎች የሚያካትት ሁለተኛ ምዕራፍም አዘጋጅቷል። ያ የእኛ ደረጃ አይደለም። ነገር ግን ከፌዴሬሽኑ የቴክኒክ ደንብ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ፈተና ወስደናል፤ እርሱን ከታች እገልጸዋለሁ።

ፍተሻው

ፍተሻው የተካሄደው በመካኒኩ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው። ሄልሜቶቹ በምንጣፍ ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ከባለቤቱ ፊት ተከፍቶ ታየ። የፍተሻው ቅደም ተከተል ላይ ኮሚቴው አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር፤ ስቲከሩ የሚታየው በመጨረሻ ነው፣ መጀመሪያ የሚታየው ፎሙ፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ያለው ምት የሚበላው ንጣፍ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በእኔ እምነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም ስቲከሩን አስቀድሞ ያየ ፈታሽ ቀሪውን በስንፍና ያያል።

መካኒኩ የመጀመሪያውን ሄልሜት አንሥተው የውስጥ ጨርቁን ገለጡት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከኋላው ዲኦቲ የተለጠፈበት፣ ከገበያ የተገዛ ነው። ከጨርቁ ሥር ያለው ለፍራሽ የሚሆን ዓይነት ለስላሳ ስፖንጅ ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በጣት ሲጫኑት እስከ ቅርፊቱ ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ትክክለኛው ሄልሜት ውስጥ ያለው ጠንካራ ነጭ ወይም ጥቁር የፖሊስታይሪን ፎም ነው፤ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፣ በጣት አይገባም፣ አንዴ ከተጨፈለቀም አይመለስም። አለመመለሱ ጉድለት ሳይሆን ሥራው ነው፤ የግጭቱን ጉልበት የሚበላው በመጨፍለቁ ነው።

ሄልሜቱ ከቡና ነጋዴ በተዋስነው ሚዛን ላይ ተቀመጠ። የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ደንቡን የሚያሟሉ ሄልሜቶች ወደ 1.4 ኪሎ ግራም እንደሚመዝኑ፣ ለይስሙላ የሚሠሩት ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞሉ እንደሚሆኑ ይገልጻል። ይኸኛው ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ብቻ አለፈ። ቀጥሎ ባለቤቱን አስፈቅደን በቀበቶው ላይ አንድ ፈረሱላ ተኩል፣ ማለትም 25.5 ኪሎ ግራም ቡና አንጠለጠልን። ይህ በአሜሪካው ደንብ ከዋናው ፈተና በፊት ለማወጠር ብቻ ከሚሰቀለው ክብደት ብዙም አይበልጥም። ጆንያው ከመሬት በተነሣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የቀበቶው ሪቬት (ቀበቶውን ከቅርፊቱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ከቅርፊቱ ተነቅሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ የነበረው ጨዋታ ያኔ ነው የቆመው።

ከዚያ በኋላ የቀረቡትን በአጭሩ እገልጻለሁ። ሁለት ሰዎች የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ይዘው መጥተው ነበር፤ ይህ ቆብ ከላይ የሚወድቅ ዕቃን ለመከላከል የተሠራ እንጂ የሚወድቅን ሰው ለመከላከል አይደለም፣ አገጭ ላይም አይቆምም። ሌሎች በርካታዎቹ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ። አንድ ወጣት የጋራዥ ሠራተኛ ደግሞ የመንገድ ሄልሜቱን ወደ ኦፍሮድ ሄልሜት ለመቀየር ግንባሩ ላይ በድሪል ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ ከላሜራ የተቆረጠ የፀሐይ ጥላ በብሎን አስሮበታል። ሥራው በእጅ ሙያ ንጹሕ ነበር፤ ይሁን እንጂ የብሎኖቹ ጫፎች ወደ ውስጥ ገብተው ፎሙን በስተው ወደ ግንባሩ አጥንት ያነጣጥራሉ። የአሜሪካው ደንብ በሄልሜት ውጫዊ ገጽ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወጣ ጠንካራ ነገር አይፈቅድም፤ ውስጡ ደግሞ ከናካቴው የሚወጣ ጠንካራ ነገር እንዳይኖረው ያዛል። በእውነተኛ የኦፍሮድ ሄልሜት ላይ ጥላው ፕላስቲክ ሆኖ ሲመታ እንዲታጠፍ ወይም ተነቅሎ እንዲወጣ ተደርጎ የሚሠራው አንገትን እንዳይጠመዝዝ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ያከራከረን ግን ከውጭ በዘመድ የተላከ፣ በኢሲኢ 05 ይሁንታ ያለው፣ ክብ ውስጥ 3 እና ፒ የተጻፈበት፣ አጠገቡ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ የጣሊያን ሄልሜት ነበር። ባለቤቱ ከሁሉም የተሻለ ነጂ እንደሆነ የሚነገርለት ሰው ነው፤ ወደ ጅረን የሚወጣውን አቀበት እርሱ በሚነዳበት ፍጥነት የሚነዳው የለም ይባላል። የጉንጭ መደገፊያው ሲወጣ በቀኝ ጆሮ በኩል ፎሙ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ ተገኘ። ሄልሜቱ አንድ ጊዜ ሥራውን ሠርቷል። ቅርፊቱ ከውጭ በስፕሬይ ቀለም ተቀብቶ ስለነበር ቀድሞ የነበረው ጭረት አይታይም፤ የቀለሙ ቲነር ደግሞ ለብቻው ፕላስቲኩን ያዳክማል። ቤንዚን የነካው ጨርቅ፣ ኮላና ቲነር ፖሊካርቦኔት ቅርፊትን ሳይታይ እንደሚጎዱ አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ጉዳይ ነው።

መጨረሻ ላይ ከሃያ ገደማው ውስጥ ያለፉት ሰባት ሆኑ። ሁሉም ፎማቸው ሙሉ፣ ቀበቷቸው በድርብ ቀለበት የሚታሰር፣ የውስጥ መለያቸው የሚነበብ ነበሩ።

ክርክሩ

ውጤቱ ሲነገር የመጣው ተቃውሞ የሚጠበቅ ነበር፤ በክብር መመለስ ያለበትም ነው። ከተከለከሉት አንዱ ወደ መካኒኩ ቀርቦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደነሱ አልሮጥም፤ ቀስ ብዬ ነው የምጨርሰው። ለኔ ይኼ ይበቃኛል» አላቸው። መካኒኩም «ልጄ፣ መሬቱ የምትነዳበትን ፍጥነት አይጠይቅህም፤ ከየት እንደወደቅህ ነው የሚጠይቅህ» ብለው መለሱለት።

ይህ መልስ በቁጥር ሊታይ ይገባል። የሄልሜት ፈተና ፍጥነት ሞተሩ የሚሄድበት ፍጥነት ሳይሆን ጭንቅላት መሬቱን የሚመታበት ፍጥነት ነው። ከ1.83 ሜትር የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ በሰከንድ 6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 21.6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የኦፍሮድ ነጂ ደግሞ በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ ስለሚነዳ ጭንቅላቱ ከመሬት ከዚያ አያንስም። ስለዚህ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በጎኑ የወደቀ ሰውም የሚያርፍበት ፍጥነት ከአሜሪካው የፈተና ፍጥነት ጋር ይስተካከላል። ጥያቄው ይህ ፍጥነት በስንት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቆማል የሚለው ነው። አቋቋሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ብለን ብናሰላ፣ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ፎም ውስጥ የቆመ ጭንቅላት ከመሬት ስበት 73 እጥፍ ገደማ ይደርስበታል፤ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ውስጥ የቆመ ግን 367 እጥፍ ገደማ ይደርስበታል። በእውነተኛ ግጭት አቋቋሙ እኩል ስለማይሆን ከፍተኛው ምት ከሁለቱም በላይ ይወጣል። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ሆኖ የሚመጣው ከውፍረቱ ብቻ ነው፤ ከምልክቱም ከቀለሙም አይደለም።

ነርሷ ሌላ ማስረጃ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የኮክሬን ግምገማ በሞተር አደጋ ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። «እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ሄልሜት ካደረጉ ሰዎች ነው፤ ሪቬቱ በቡና ጆንያ ከሚነቀል ነገር አይደለም» አለች። ሥራዋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረዳዎች የሚላኩ ጉዳተኞች በሚመጡበት ሆስፒታል ስለሆነ ቃሏ በሁሉም ዘንድ ክብደት ነበረው።

የጣሊያኑ ሄልሜት ባለቤት ለረጅም ጊዜ ተከራከረ። ሄልሜቱ ከተሰነጠቀም ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል የሚለው ነጥቡ ቀላል አልነበረም፤ በአንድ በኩል እውነትም አለበት፣ ከስፖንጁ ይሻላል። ነገር ግን ስንጥቁ በታየ ሄልሜት አንድን ሰው፣ ያውም ከሁሉ የሚፈጥነውን፣ ወደ መነሻ መስመር ማስገባት ደንቡን በችሎታ መለካት ይሆን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንንም መከልከል አይቻልም። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ከለከለ።

አማራጮቹና ውሳኔው

በዚህ ጊዜ አዘጋጆቹ ፊት የነበሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ። ውድድሩን መሰረዝ፣ ደንቡን ወደ ቀድሞው አንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ፣ ወይም አዳዲስ ሄልሜቶችን መግዛት። ሦስተኛው ለብዙዎቹ ነጂዎች ከወር ገቢያቸው በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ በጅማ ገበያ ውስጥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶ የሚያቀርብ ነጋዴ በቅርብ አልተገኘም። ሁለተኛውን የደገፉ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ልጆቹ ነገ በዚያው ሄልሜት ወደ አጋሮ ይሄዱ የለም ወይ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ሰው የሚነዳው ሊደርስ ነው፤ በውድድር ላይ ግን አዘጋጁ ራሱ ሰዎቹን ሰብስቦ ፍጠኑ ይላቸዋል። ኃላፊነቱ በዚያው መጠን ይለያል።

አራተኛውን መንገድ ያመጣችው አንዲት ተወዳዳሪ ናት። ሰባት ሄልሜት ካለን ሰባት ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ለምን ይነሣል፤ እንዲያውም አንድ በአንድ እየተነሣን በሰዓት እንወዳደር፣ ሄልሜቱም ይዙር አለች። ሐሳቡ ሲመረመር ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ የሚፈታ ሆኖ ተገኘ። በአንድነት መነሣቱ ሲቀር የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ያለው መጨናነቅና የአቧራው አደጋ ይጠፋል፤ ጥቂቱ ደህና ሄልሜትም ለብዙ ሰው ይበቃል። ስለዚህ ውድድሩ ወደ ኢንዱሮ አሠራር ተጠጋ፦ እያንዳንዱ ነጂ ለብቻው ይነሣል፣ ሰዓቱ ይያዛል፣ ቀጣዩ የሚነሣው የፊተኛው መጨረሻው መስመር ሲያልፍ ነው።

ሄልሜት ማዞር ግን ያለ ልክ አይሆንም፤ ከሁሉም በላይ ሥራ የወሰደብን ይህ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ጭንቅላት ከቅንድብ በላይ ባለው ሰፊ ቦታ በልብስ ሰፊ ሜትር ተለካ። ልኩ የተመሳሰለለት ሰው ሄልሜቱን ካደረገና ቀበቶውን ካጠበቀ በኋላ ፈታሹ ከኋላው ቆሞ የሄልሜቱን የታችኛ ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት ለማውለቅ ይሞክራል፤ ከፌዴሬሽኑ ደንብ የወሰድነው ፈተና ይህ ነው። ከወጣ፣ ማረጋገጫው ምንም ይሁን ምን ያ ሄልሜት ለዚያ ሰው አይሆንም። በዚህ ፈተና ከውጭ የመጣ ምርጥ ሄልሜት በአንዱ ጭንቅላት ላይ ተንሸራትቶ አንገቱ ላይ ቀርቷል። ሐሳቡን ያመጣችው ተወዳዳሪ ደግሞ ፀጉሯ በወፍራም ሹሩባ ተሠርቶ ስለነበር ሄልሜቱ ከፍ ብሎ ቀርቶ በፈተናው ወደቀች፤ ሹሩባዋን ፈትታ በቀጭኑ ተሠርታ ተመለሰችና አለፈች። ጭንቅላታቸው 61 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሁለት ሰዎች ግን የሚሆን አልተገኘም፤ እነርሱ አልተወዳደሩም። ከሁለቱ አንዱ የመሬቱን ፈቃድ ያስገኘው ሰው ስለነበር ውሳኔው ለማንም ቀላል አልሆነም። ላቡን የሚመጥ ስስ የጥጥ ቆብ እያንዳንዱ ነጂ የራሱን እንዲይዝ ተደረገ፤ ወፍራም ኮፍያ ከሄልሜት ሥር ተከለከለ።

የውድድሩ ቀን

ውድድሩ በተያዘለት ቀን ተካሄደ። ከቀኑ አጋማሽ በኋላ አንድ ነጂ ቁልቁለቱ ላይ ካለው መታጠፊያ ሲገባ የፊት ጎማው አምልጦት በጀርባው ወደቀና የራሱ ኋላ ከመሬት የወጣ ድንጋይ መታ። ተነሥቶ ሞተሩን ለማንሣት ሲሞክር የመስመር ዳኛው ባንዲራ አሳይቶ አስቆመው። ነርሷ ቀርባ የት እንዳለ፣ ከእርሱ በፊት ማን እንደተነሣ፣ ምን ያህል እንደነዳ ጠየቀችው። መልሱ ትክክል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከወትሮው ዘግይቶ ነበር የመለሰው፤ ራሱንም ያመው ነበር። ከውድድሩ በፊት በተጻፈው ደንብ መሠረት ጭንቅላቱን የመታ ሰው ደህና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ዳግም አይነዳም፤ የአንጎል መናወጥ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ሳያገግም የሚደርስበት ሁለተኛ ምት ደግሞ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ከታየ በኋላ ማታ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ሄልሜቱን ለብቻ መርምረናል። ከውጭ የሚታየው አንዲት አጭር ጭረት ብቻ ነበረች። ጨርቁ ሲወጣ ግን በዚያው ቦታ ፎሙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ በጣት ሲጫኑትም ዙሪያው ካለው ይልቅ ይላላል። በዚያ ሄልሜት ሊነሡ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኮሚቴው ሄልሜቱን ከአገልግሎት አስወጣው፤ በልካቸው የሚሆን ሌላ አንድ ብቻ ስለነበር ተራቸው ወደ መጨረሻ ተገፋ፣ ውድድሩም ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው ያለቀው። አንዳንድ ተመልካቾች በመዘግየቱ አጉረመረሙ። በእኔ አመለካከት በዕለቱ ደንቡ በእርግጥ የተፈተነው በጋራዡ ግቢ ሳይሆን በዚህ ሰዓት ነው፤ ሕዝብ እየጠበቀ፣ ጊዜ እያለቀ፣ ሄልሜቱም ከውጭ ሲያዩት ደህና ሆኖ ሳለ።

ከውድድሩ በኋላ የተወሰኑ ጉዳዮች

በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ደንቡ እንደገና ተጻፈ። ማረጋገጫ የሚለው ቃል በቦታው ቀርቷል፤ ነገር ግን ከፎሙ፣ ከቀበቶው፣ ከልኩና ከሄልሜቱ ታሪክ ቀጥሎ በአምስተኛ ደረጃ እንዲመጣ ተደርጓል። ዲኦቲ ብቻ ያለበት ሄልሜት የአምራቹ ስምና ሞዴል፣ የደንቡ ቁጥር 218 እና የተረጋገጠ የሚለው ቃል አብረው ካልተጻፉበት ምልክት እንደሌለው ይቆጠራል፤ የአሜሪካው ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2013 ወዲህ በሚመረቱት ላይ ይህንኑ ያስገድዳልና። ኤንፒ እና ጄ የሚል ፊደል ያለባቸው ለውድድሩ አይፈቀዱም፤ በኦፍሮድ ከፊት የሚሄደው ጎማ የሚወረውረው ድንጋይና ከመሪው ጋር የሚደረገው ግጭት ፊትን ያገኛልና። ከተመረቱ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሄልሜቶች አምራቾችና ስኔል በሚመክሩት መሠረት እንዲተኩ ቢፈለግም፣ በአንድ ጊዜ ይህን ማስገደድ ከሰባቱ አብዛኞቹን ስለሚያስወጣ፣ ለጊዜው በየውድድሩ ፎማቸው ተከፍቶ እንዲታይ ተወስኗል። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ድርድር ነው፤ እኔም የደገፍኩት እንደ ድርድር ነው።

ለእያንዳንዱ የጋራ ሄልሜት መዝገብ ተከፍቷል፤ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንደወደቀ፣ መቼ እንደታጠበ ይጻፍበታል። የሚታጠበው በለብ ያለ ውሃና በቀላል ሳሙና ብቻ ነው። የሚቀመጠው በጋራዡ ውስጥ ሳይሆን ከቤንዚንና ከቀለም ርቆ በአንድ አባል ቤት ነው። የተጣሉት ሄልሜቶች ባለቤቶቻቸው ከተስማሙ በኋላ ቀበቷቸው ተቆርጦ ቅርፊታቸው በመጋዝ ተከፍሏል፤ እንዲህ ካልተደረገ ለሌላ ሰው ተሽጠው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው እንደሚመጡ መካኒኩ አጥብቀው ተናግረዋል። የጣሊያኑ ሄልሜት ባለቤት ሳይቆርጠው ወስዶታል፤ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለመንዳት እንደማይጠቀምበት ለኮሚቴው ቃል ገብቷል። ለሚቀጥለው ዓመት ከመመዝገቢያ ክፍያው ግማሹ ለጋራ ሄልሜት መግዣ እንዲውልና በመጀመሪያ የሚገዛው በትልቁ ልክ እንዲሆን ስምምነት ተደርሷል፤ ዘንድሮ የቀሩት ሁለቱ ሰዎች እንዲወዳደሩበት ነው።

በስብሰባው መጨረሻ የፒክአፕ መኪና ምድብ እንዲጨመር የቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆኗል። የሞተር ሄልሜት በመኪና ውስጥ ባለ የመከላከያ ቱቦ ላይ ለሚደርስ ተደጋጋሚ ምትም ሆነ ለእሳት አይፈተንም፤ የስኔል ኤስኤ መመዘኛ ከኤም የሚለየው በእነዚሁ ነው። የዚያ ዓይነት ሄልሜት በስብስቡ ውስጥ አንድም ሰው ስለሌለው፣ ጥያቄው ቢያንስ ሁለት የኤስኤ ሄልሜቶች ለፍተሻ እስኪቀርቡ ድረስ እንዳይነሣ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።